ማሳው ተበልቷል

ሙሄ እባላለሁ። ከሚሴ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሾፌሮቹ "ሙሄን አትንኩት፣ ይነዝራል" ይሉኛል፤ ሽቦውን ማለታቸው አይደለም፣ አፌን ነው። እውነታቸውን ነው። ይህ አፌ ብዙ አሳጥቶኛል፤ ደንበኛ አሳጥቶኛል፣ ልጁን ሊድርልኝ አፉን ከፍቶ የነበረ አማት አሳጥቶኛል። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን አፌን ስለዘጋሁባት ስለዚያች አንዲት ቀን ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን የዘጋሁት ያኔ ነው፤ የዘጋሁት ደግሞ ወላሂ ላስብበት ጊዜ አግኝቼ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሐጂ ይማም ልንገራችሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እህል ነጋዴ፣ ገበሬ፣ የአንድ ሚኒባስ ባለቤት። ስለ መኪና የሚያውቁት በየትኛው በር እንደሚገባ ነው። ሰላት አያሳልፉም፣ ተስቢሃቸው ከእጃቸው አይለይም፣ ዱዓ ላይ አሚን ሲሉ የሳቸው ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል። ሰው ሲያያቸው ጀነት ውስጥ ቦታ ይዘው ለሻይ የወጡ ይመስለዋል።

እናቴ ሐዋ አባቷ ሲሞት ድርሻዋ በሸሪዓው ተለክቶ ተሰጥቷት ነበር። ጨፋ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከግራሩ እስከ ቦዩ። ማሽላው ሲያድግ ሰው የሚውጥ መሬት ነው። ጥፋቱ አንድ ነበር፣ ከሐጂ ማሳ ጎን መሆኑ። ሐጂ በአንድ ጊዜ አልነጠቋትም፤ እንዲህ ያለ ነውር አይሠሩም። በየዓመቱ ሲያርሱ አንድ ሁለት ትልም ብቻ ወደ እሷ ይገፋሉ። ስትጠይቃቸው "በሬው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ በሬ ድንበር ያውቃል እንዴ ሐዋ?" ይሏታል። በሬዎቹ ግን አንድም ቀን ወደ ሐጂ በኩል ተሳስተው አያውቁም።

እንዲህ እንዲህ እያለ የእናቴ ማሳ ግራሩ ሥር ያለችው ጥላ ብቻ ሆነች። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሐጂ ቤት ምሳ በሉ፣ ሐጂ ቤት ጫት ቃሙ፣ ከዚያ እናቴን ጠርተው "ታላቅሽ ነው፣ እንደ አባትሽ ነው፣ ተይለት" አሏት። እናቴ "ሰብር አደርጋለሁ፣ እታገሣለሁ" ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። እኔ ግን "ፍርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ጥርሳችሁ ውስጥ የቀረውን የሐጂን ሥጋ አውጡት" አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂና እኔ ተኳረፍን። እናቴም ማሽላ ከገበያ መሸመት ጀመረች፤ ያውም ከሐጂ መጋዘን። የራሷን መሬት ማሽላ ተመዝኖላት ስትሸከም ባየኋት ቁጥር አንጀቴ እርር ይላል። ከዱንያ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ዓይኗ ሳይደክም በራሷ ማሳ የራሷን ማሽላ እንድታይ።

አሁን ወደ ሚኒባሷ።

የሐጂ ሚኒባስ በሽታ ጀመራት። ሚኒሞዋ ይሰቀላል፤ ማለትም ሾፌሩ እግሩን ሳያሳርፍ ሞተሯ ብቻዋን ትጮኻለች። ከዚያ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ድርግም። ደግሞ የምትጠፋው የት መሰላችሁ? ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ሲሄዱ፣ ግራሩ ጋ። የእናቴ ማሳ ፊት ለፊት። አንዴ ሲሆን አጋጣሚ ነው ተባለ። ሲደጋገም ከኋላ ወንበር ያሉ ሴቶች እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። "የሐዋ እንባ ነው" አለች አንዷ፣ ሐጂ ጋቢና ተቀምጠው እየሰሙ። ሐጂ ተስቢሃቸውን ፈጠን አድርገው ቆጠሩ አሉ።

ሐጂ ግን ወደ እንባው ከመሄዳቸው በፊት ወደ ኢንጂነሩ ሄዱ። ኢንጂነሩ የምንለው እዚሁ ከሚሴ ያለ መካኒክ ነው፤ ማዕረጉን የሰጠው ትምህርት ቤት ሳይሆን መዳፍ የምታክል ማሽን ናት። መኪናው ላይ ይሰካታል፣ የጻፈችውን ያነባል፣ ስሙን ያነበበውን ዕቃ አውጥቶ ይጥላል። ራሴን አመመኝ ብትሉት ራሳችሁን ፈትቶ ሌላ ሊገጥምላችሁ የሚፈልግ ሰው ነው። ማሽኗ "የትሮትል ሰንሰር" አለች፤ ቀየረ። መኪናዋ ግራሩ ጋ ጠፋች። ማሽኗ ያንኑ ደገመች፤ እሱም ያንኑ ደገመ። ሦስተኛው ሰንሰር ከገባ በኋላም ስትጠፋ "ዕቃው ኮፒ ነው፣ ኦሪጅናል ይምጣ" ብሎ እጁን ታጠበ።

ሐጂ ከዚያ ፍየል አርደው ሰደቃ አወጡ። በዱዓ አልቀልድም፣ አላህ ይጠብቀኝ። ፍየል ግን ሽቦ አትቀጥልም።

አንድ ቀን ከዙሁር ሰላት በኋላ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሚኒባሷ በሰው እየተገፋች መጣች። ተሳፋሪው ላብ በላብ ሆኖ እየገፋ፣ ሐጂ ጋቢና ውስጥ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሾፌራቸው ኢብሬ፣ አብሮ አደጌ ነው፣ ዘሎ ወረደና፣

"ሙሄ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ አንዴ እያት" አለኝ።

ከጋቢና ድምፅ መጣ። "ኢብሬ! ሌላ ሰው የለም?"

"ሌላው ሁሉ አይቷታል ሐጂ።"

ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። "አሰላሙ አለይኩም ሐጂ።"

"ወአለይኩም ሰላም" አሉ፣ ባጃጅ ባጃጁን እያዩ። "ሰንሰር ነው ተብሏል።"

"ሦስት ሰንሰር ተቀይሮ?"

"ሦስት።"

"ሦስት ምስክር መጥቶ አንድ ነገር ከተናገረ ሐጂ፣ ጥፋቱ የምስክሮቹ አይመስለኝም። የሰሚው ነው።"

ሐጂ አገጫቸውን አሻሹ። ስለ መኪናዋ መናገሬ ይሁን ስለ ሽማግሌዎቹ አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልገባኝም፤ አፌ ነው የተናገረው።

ይህ ሰንሰር ምን ያደርጋል ለምትሉ፣ ባጭሩ ይኸውላችሁ። ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ ሞተሩ አየር የሚገባበት አንድ ክዳን ይከፈታል። ሰንሰሩ ክዳኑ ጎን ተቀምጦ "ይህን ያህል ተከፍቷል" ብሎ ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግራል። ሦስት ሽቦ አለው። በአንዱ አምስት ቮልት ይመጣለታል፣ በአንዱ ወሬውን ይልካል። ሦስተኛው ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት፣ ኔጌቲቩ ነው። እሱን እኛ ጋራዥ ቤት "ማሳ" እንለዋለን። ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ቃል ነው፤ የማሽላ ማሳ ከሚባለው ጋር ዝምድና የለውም። ይህን ልብ በሉልኝ። ሐጂ አያውቁትም ነበር።

ሱቄ በር ላይ ቮልት በሚለካው ቴስተሬ ለካሁ። አምስቱ ቮልት አለ። ክዳኑን በእጄ ቀስ አድርጌ ስከፍት ወሬው ሳይቆራረጥ ከፍ ይላል፣ ስለቀው ይወርዳል። ሁሉም ደህና፤ ሞተሯም ተነሣች። ቆማ አትታመምም ማለት ነው።

"የምትጠፋበት ቦታ ውሰዱኝ" አልኩ።

ሐጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ። "እዚያ ድረስ?"

"እዚያ ድረስ።"

"ግድ ነው?"

"በሽተኛ የሚታየው ሲያመው ነው ሐጂ።"

ኢብሬ ተሳፋሪውን ሌላ መኪና ላይ አሳፍሮ መጣ፤ ሦስታችን ሄድን። ሐጂ ጋቢና፣ እኔ ከኋላቸው። ከከተማ ስንወጣ ሚኒባሷ ሙሽራ ነበረች። ሜዳው ከግራ ከቀኝ ማሽላ ነው። ግራሩ ከሩቅ ሲታይ ሐጂ ተስቢሃውን ከኪሳቸው አወጡ። ግራሩ ከመድረሱ በፊት አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች፣ መግቢያዋ ላይ አስፋልቱ ተነሥቶ ጉብታ ሠርቷል። ጎማው ጉብታዋን ሲመታ ሁላችንም ከወንበራችን ዘለልን፤ ሞተሯ አንዴ ጮኸች፣ ተንገጫገጨች፣ ድርግም አለች። እየተንከባለለች ሄዳ ግራሩ ጥላ ሥር ቆመች። ሐጂ "ያ ረቢ" አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ግን ጉብታዋን ነው ያሰብኩት። ሰንሰር በጉብታ አይሞትም፤ በጉብታ የሚሞት ላላ ያለ ሽቦ ነው።

"ሐጂ፣ ይነሡልኝ" አልኩ።

"ለምን?"

"ችግሩ ያለው አንቱ የተቀመጡበት ላይ ነው።"

የሚኒባስ ሞተር ጋቢናው ወንበር ሥር ነዋ! ኢብሬ ግን ሳቁን ሊውጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሐጂ ወረዱና በሩ አጠገብ፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አድርገው ቆሙ። ወንበሩን አነሣሁ፣ ኢብሬ ቁልፉን ከፈተ፣ ቴስተሬን ይዤ ጭንቅላቴን ሞተሩ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ በኋላ የሐጂን ፊት አላይም፤ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምሰማው።

የቴስተሩን አንዱን ጫፍ አምስት ቮልቱ ላይ፣ ሌላውን የሰንሰሩ ማሳ ላይ አደረግኩ። ቁጥሩ ከአምስት ጎደለ። ከሰንሰሩ ማሳ አንሥቼ በቀጥታ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረግኩት፤ ሞላ። አሃ! የሚመጣው በደንብ ይመጣል ማለት ነው፤ መመለሻው ነው የጠፋው። መመለሻ ያጣ ሰንሰር ደግሞ ያልተረገጠውን ተረግጧል ይላል፤ ለዚህ ነው ሞተሯ ብቻዋን የምትጮኸው። ሽቦውን በጣቴ ይዤ ተከተልኩት። ባትሪው ጎን ሲደርስ የሆነ ሰው ቀጥሎት በጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎታል። ነቅነቅ ሳደርገው ቴስተሩ ላይ ቁጥሩ ተራወጠ። ፕላስተሩን ላጥኩት። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ የባትሪው አሲድ ጨርሶታል። አንዲት ክር ብቻ ቀርታለች።

ደስታዬን አልቻልኩትም። አንገቴን እንኳ ሳላነሣ ጮህኩ።

"አገኘሁት! ሐጂ፣ ማሳው ተበልቷል!"



"ማል ጄቴ?" አሉ ሐጂ። ምን አልክ ማለታቸው ነው፤ ሲደነግጡ አማርኛው ይጠፋባቸውና ኦሮምኛው ይመጣል።

"ማሳው ነዋ! ማሳው ተበልቶ እኮ ነው ይህ ሁሉ ጣጣ! ሰንሰሩ ምን አደረገ? እሱማ ሲጮህ ነው የከረመ፣ የሚሰማው አጥቶ።"

"ማ… ማን ነገረህ?"

"ይኸው፣ ቴስተሩ! ይህ ሰው አይፈራ፣ ጉቦ አይበላ።"

ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ። "ማን… በላው ይላል?"

"ጎረቤቱ ነዋ!" አልኩ፣ ባትሪውን በጥፍሬ እየፋቅኩ። "አጠገቡ ያለው። በአንድ ቀንም አይደለም ሐጂ፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ነው የበላው። ላዩ ተሸፍኗል፤ ከውጭ ሲያዩት ጨዋ ነው። ውስጡ ግን የበሰበሰ!"

"ሱብሃነላህ… ሱብሃነላህ…"

"ምን ያስደንቃል? ሁሌ የምናየው ነው።"

"ታዲያ… ምን ይሻለኛል?"

"የተበላውን መመለስ ነዋ። ደግሞ በግማሽ አይሠራም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።"

"ባይመለስስ?"

"ባይመለስማ!" አልኩ፣ አፌ አንዴ ከተከፈተ መች ይቆማል። "ባይመለስማ አንድ ቀን ከጭነት መኪና ፊት ድርግም ትላለች፣ ከነተሳፋሪዋ! አንቱም ጋቢና ነዎት።"

ይህን ብዬ አንገቴን አነሣሁ።

ሐጂ ፊታቸው አመድ መስሏል። ተስቢሃው እግራቸው ሥር ወድቋል። እኔን አይደለም የሚያዩት፤ ከግራሩ እስከ ቦዩ ያለውን ማሽላ ነው የሚያዩት። "ላፋ ሐዋ" አሉ ለራሳቸው፤ የሐዋ መሬት። ኢብሬ መሪው ኋላ ተቀምጦ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዓይኑ ፈጧል። እኔን አየኝ፤ አየሁት። ያኔ ነው የገባኝ።

ወላሂ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። "ሐጂ፣ እኔ የምልዎት ሽቦውን ነው" ልል፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እናቴ ማሽላውን ተሸክማ ከመጋዘኑ ስትወጣ መጣችብኝ። አፌን ዘጋሁት። ለዘላለም የሚዘጋ በር እንኳ እንዲያ አይዘጋም።

ሽቦውን ለጊዜው ጠምዝዤ አሰርኩና "ነገ ሱቅ ትምጣ፣ በደንብ በይጄ እሰጣችኋለሁ" አልኩ። ከሚሴ ስንገባ ሐጂ "እናትህ ነገ ጠዋት ቤት አለች?" አሉኝ።

"አለች።"

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ግቢዋን ስትጠርግ ሐጂ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ። እነዚያኑ ሽማግሌዎች፤ ሌላ መቼ አለን? ሐጂ ሳይቀመጡ፣

"ሐዋ፣ ማሳሽን መልሻለሁ" አሉ። "ከግራሩ እስከ ቦዩ። ወላሂ፣ ወቢላሂ፣ ወተላሂ። እነዚህ ምስክር ይሁኑ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። "ምን አገኘህ ወንድሜ? አመመህ እንዴ?"

"ተነገረኝ።"

"ማን ነገረህ?"

"አላህ በዚህ ልጅሽ አፍ ነገረኝ።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አፌን ታውቀዋለች፣ እሷ ናት የወለደችው፤ አላህ ከእሱ የተሻለ እንዳላጣ ታውቃለች። እኔ ጣራው ላይ ያለውን ቆርቆሮ መቁጠር ጀመርኩ። "አውፍ ብያለሁ" አለችና መጥረጊያዋን መሬት አስቀመጠች። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና "እኛስ ድሮም ያልነው ይህንኑ አልነበር?" አለ። ያኔ አፌን ለመዝጋት የጠየቀኝን ጉልበት እኔና አላህ ነን የምናውቀው። ዱዓ ተደረገ። አሚን ሲባል ለአንድ ጊዜ የእኔ ድምፅ ከሐጂ በለጠ።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሷ መጣች፣ የተበላውን ቆርጬ አዲስ ሽቦ በይጄ አስገባሁ፣ ከባትሪው አራቅሁት። ከዚያ ወዲያ ግራሩ ጋ ቆማ አታውቅም። ሐጂም ለሰው ሁሉ "ማሳውን በመለስኩ ቀን ዳነች" እያሉ ይናገራሉ። ልክ ናቸው፣ ምን ይወጣላቸዋል?

አሁን እናንተ "ሙሄ፣ አታለልክ" ትሉኝ ይሆናል። አስቡት እስቲ፣ የቱ ቃሌ ነው ውሸት? ማሳው ተበልቷል፤ ጎረቤቱ ነው የበላው፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፤ ከላይ ተሸፍኖ። እኔ ስለ ሽቦ ተናገርኩ፣ እሳቸው ስለ ራሳቸው ሰሙ። ይህንኑ ቃል ስለ መሬቱ በሽማግሌ ፊት ስጮኸው ባለጌ ተባልኩ። ስለ ሽቦ ስናገረው ከአላህ የወረደ ወሕይ ሆነ። እኔ ድሮ እውነት የሚሰማው ሲጮህ ይመስለኝ ነበር። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ለክቼ፣ ያየሁትን ተናግሬ፣ ዝም እላለሁ። የቀረውን እሱ ራሱ ይጨርሰው። ብታምኑም ባታምኑም ያ አማት ሰሞኑን ሰላምታ ጀምሮኛል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሐጂ ዕድለኛ ነበሩ። ግን ኢንጂነሩ አለ። የእናቴ ማሽላ አሽቶ ወፍ መጠበቅ በጀመረችበት ሰሞን ኢንጂነሩ ሐጂን ሻይ ቤት አግኝቶ "ሐጂ፣ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ማለት እኮ ኔጌቲቭ ሽቦ ነው። የተበላው ማሳው አይደለም፣ አንቱ ነዎት የተበሉት!" ብሎ ሳቀባቸው።

ሚኒባሷ ሱቄ በር ላይ ፍሬኗ እየጮኸ ቆመች። ሐጂ ከጋቢና ወረዱ፣ ደም ሥራቸው ተገትሯል። ባጃጅ ሾፌሮች፣ ጎሚስታው፣ ሻይ የምትሸጠው ልጅ፣ ሁሉም ዞሩ።

"አንተ ሙሄ! ማሳ ማለት ሽቦ ነው አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው ሐጂ።"

"ያን ቀን ማሳው ተበልቷል ስትለኝ ስለ ሽቦው ነበር?"

"ስለ ሽቦው ነበር።"

"ጎረቤቱ በላው ያልከውስ?"

"ባትሪው ነዋ ሐጂ።"

"ታዲያ ለምን…" አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ።

ቴስተሬን አስቀመጥኩ። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። በሙሉ አክብሮት፣ ዝቅ ብዬ፣

"አንቱስ ሐጂ" አልኳቸው፣ "የማን ማሳ መስሎዎት ነበር?"

አፋቸውን ከፈቱ። ባጃጆቹን አዩ፣ ጎሚስታውን አዩ፣ እኔን አዩ። አፋቸውን ዘጉ። ጣታቸው ቀስ ብላ ወረደች። ከዚያ ተመልሰው ጋቢና ገቡና በሩን ሳቡ።

"ንዳ" አሉት ኢብሬን።

ኢብሬ ማርሽ አስገባ። ሚኒባሷ ሳታንገራግር ሄደች።